ወጡን ወደዱት፣ ባለወጡን ገፉት

የኑሮ ውድነትን ለማወቅ መርካቶ ውስጥ ዕድሜውን ያሳለፈ ደላላ የመንግሥት መግለጫ አይጠብቅም። ዘወትር ምሳ የሚበላበት ቤት ገብቶ የሽሮውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም የእንጀራውን ስፋት በዓይኑ ይለካል። ዋጋው እንዳለ ሆኖ እንጀራው ካነሰ ነገሩ ገብቶታል። የምሳ ሳህን የማይዋሽ የዋጋ መለኪያ ነው።

በደቡብ ኮሪያም እንዲሁ ነው። ሴኡል ውስጥ የኑሮ ነገር ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው ጃጃንግሚዮን የሚባል ምግብ አለ። ወፈር ባለ የስንዴ ኑድል ላይ ጥቁር ድልህ የሚፈስበት፣ አንድ ሰው በአሥር ደቂቃ በልቶት የሚነሣ ምሳ ነው። የአገሪቱ የሸማቾች ኤጀንሲ በየጊዜው ዋጋቸውን ተከታትሎ ከሚያወጣላቸው የምግብ ቤት ምግቦች አንዱ ይኸው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መቶ ዎን አካባቢ ይሸጥ ነበር፤ በ2024 የሴኡል አማካይ ዋጋው ከ7 ሺህ ዎን አልፏል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮሪያውያን የኑሮአቸውን ክብደት የሚለኩበት ይህ ሳህን መነሻው ኮሪያ አይደለም። ባሕር ተሻግረው የመጡ ቻይናውያን ስደተኞች ይዘውት የገቡት ነው። አገሪቱ ሳህኑን ተቀብላ የራሷ አደረገችው። ሳህኑን ያመጡትን ሰዎች ግን ለአሠርት ዓመታት በሕግ እያጠበበች ቆየች፤ ብዙዎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው። ምግቡ ከመቶ ዓመት በላይ ተወዶ የቆየው ነጋዴው ከገበያው ጋር ራሱን ሲያስማማ ስለኖረ ነው። ኮሪያ ያንን ነጋዴ በመግፋቷ ያተረፈችው እጅግ ጥቂት ነው፤ የከፈለችው ዋጋ ግን አለ። ይህ ደግሞ ለእኛም ገበያ የሚነግረው ነገር ስላለው ከመነሻው እንየው።

ከወደብ የተነሣ ምግብ

በ1882 ሴኡል ውስጥ ወታደሮች ባመፁ ጊዜ የቻይና የቺንግ መንግሥት ወደ ኮሪያ ጦር ላከ። ጦር ባለበት ስንቅ አለ፤ ስንቅ ባለበት ነጋዴ አይጠፋም። የቻይና ነጋዴዎችም ሠራዊቱን ተከትለው ገቡ። በ1883 የኢንቾን ወደብ ለውጭ ንግድ ተከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ለቻይናውያን የተከለለ ሰፈር እዚያው ወደቡ አጠገብ ተሰጠ።

ከኢንቾን ማዶ፣ ቢጫ ባሕርን ተሻግሮ የሚገኘው የቻይና ግዛት ሻንዶንግ ነው። ስለዚህ ከመጡት ስደተኞች የሚበዙት የሻንዶንግ ሰዎች ነበሩ። ገንዘብ ያለው ሐርና ሸቀጣ ሸቀጥ ነገደ። ጉልበት ብቻ ያለው የወደብ ወዛደር ሆነ፤ ድንጋይ ጠረበ፤ ከከተማ ዳር መሬት ይዞ አትክልት አበቀለ። ለእነዚህ የጉልበት ሠራተኞች የሚሆነው ምሳ ርካሽ፣ ፈጣንና ሆድ የሚይዝ መሆን ነበረበት። በአገራቸው የሚያውቁት ዣጃንግሚያን ለዚህ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ትርጉሙ ቃል በቃል “የተጠበሰ ድልህ ኑድል” ነው። ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የተሠራ ጨዋማ ድልህ በስብ ይጠበስና በተቀቀለ ኑድል ላይ ጣል ይደረጋል። ሌላ ጣጣ የለውም።

በኢንቾን የቻይናውያን ሰፈር ዩ ሺጓንግ የሚባል የሻንዶንግ ሰው በዚያ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ምግብ ቤትና ማረፊያ ከፈተ። በ1912 ቻይና ውስጥ ንጉሣዊው አገዛዝ ቀርቶ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ባለቤቱ ደስ ብሎት የቤቱን ስም ጎንግኋቹን አለው፤ “የሪፐብሊኩ ጸደይ” ማለት ነው። ቤቱ በኋላ የኮሪያ ጃጃንግሚዮን መወለጃ ተብሎ ስሙ ገነነ። የኢንቾን ከተማም 1905ን መነሻ አድርጋ በ2005 የምግቡን መቶኛ ዓመት በድግስ አክብራለች። የመጀመሪያው ሳህን በየትኛው ቀን እንደተሸጠ የሚያሳይ ደረሰኝ የለም፤ የታሪክ ሰዎችም በዚህ ይከራከራሉ። ለገበያ ሰው ግን ዋናው ነገር ግልጽ ነው። ምግቡ የተወለደው ከወዛደር ኪስ ነው።

ስንዴው ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ የጠበቀው ማን ነው?

እስከ 1940ዎቹ ድረስ ይህ ምግብ በአብዛኛው የቻይናውያን ምግብ ነበር። ኮሪያዊውን ደንበኛ በሰፊው የያዘው ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሲመጡ ነው። አንዱን ነጋዴው ራሱ አመጣው፤ ሌላው ከውጭ መጣ።

ነጋዴው ያመጣው ይህ ነው። በ1948 ዋንግ ሶንግሳን የተባለ የሻንዶንግ ተወላጅ የድልህ ፋብሪካ አቋቁሞ በድልሁ ውስጥ ካራሜል፣ ማለትም ጠቆር እስኪል የተቃጠለ ስኳር ጨመረበት። ምርቱም “የአንበሳ ምልክት” በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ጨዋማው ቡናማ ድልህ ጥቁርና ጣፋጭ ሆነ። ምግብ ቤቶቹም በበኩላቸው ወጡን አረዘሙት። ቀይ ሽንኩርት በብዛት ገባበት፤ ድንችና ትንሽ የአሳማ ሥጋ ተጨመረ፤ በስታርች ውኃ ወፈር ተደረገ። ጥቂት ድልህ ብዙ ኑድል እንዲያለብስ ማድረግ ማለት ነው። ሽንኩርት ርካሽ ነው፤ ሥጋ ውድ ነው። ጣዕሙን የቀየረው የምግብ ቤቱ ሒሳብም ጭምር ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ምግብ ቤጂንግ ሄዶ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። አጠገቡ የሚቀርበው ቢጫ የተኮመጠጠ ነጭ ራዲሽ እንኳ ከጃፓኖች የተወረሰ ነው። ሳህኑ የቻይና፣ ማባያው የጃፓን፣ ምላሱ የኮሪያ ሆነ።

ከውጭ የመጣው ስንዴ ነው። በ1950 ጦርነት ተነሣ። አባቶቻችን ኮሪያን ያወቁት በዚህ ጊዜ ነው፤ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሲዘምት የደረሰው እሳት ላይ ወዳለች፣ ሕዝቧ ወደተራበባት አገር ነበር። ጦርነቱ በ1953 ሲቆም ኮሪያ ሩዝ አልነበራትም። አሜሪካ ደግሞ ትርፍ ስንዴ ሞልቷት መጋዘን ጠቧት ነበር። በ1954 በወጣው የአሜሪካ የትርፍ እህል ሕግ መሠረት ኮሪያ በ1955 ውል ፈረመች፤ ስንዴውም በገፍ ይገባ ጀመር።

ዱቄቱ መጣ፤ ኮሪያዊው ግን ሩዝ በላተኛ ነው። ዱቄቱን ምን ያድርገው? መንግሥት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሕዝቡ ሩዝን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ እንዲበላ፣ የዱቄት ምግብም እንዲያዘወትር ሰፊ ዘመቻ አካሄደ። ከ1969 ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ምግብ ቤቶች በምሳ ሰዓት ሩዝ እንዳይሸጡ ታዘዘ። ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች የምሳ ሳጥን እየተከፈተ ሩዙ ገብስ መቀላቀሉ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዱቄቱን ያመጣው የአሜሪካ ገበሬ ነው። ሩዝ የከለከለው የኮሪያ መንግሥት ነው። በየሰፈሩ ሊጥ ጎትቶ በደቂቃ ኑድል የሚያወጣ፣ ከበሰለው ድልህ በጭልፋ አፍስሶ ሳህኑን ለደንበኛ የሚያቀርብ ሰው ግን አስቀድሞ እዚያ ነበር፤ ቻይናዊው ስደተኛ ነው። ዕድል ለሁሉም ትመጣለች ይባላል፤ ድስቱን ጥዶ የጠበቃት ግን አንዱ ብቻ ነበር።

መጽሐፉ ያልጠበቀው ደንበኛ

የኤኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ያስተማረን ነገር አለ። ሰው ገቢው ሲጨምር መግዛት የሚቀንሳቸው ሸቀጦች አሉ። ቆሎ የበላ ተማሪ ሥራ ሲይዝ ሥጋ ይበላል። በዚህ ሒሳብ ቢሆን ኮሪያ ስትበለጽግ የድህነት ዘመኑ ጥቁር ኑድል መረሳት ነበረበት። አልተረሳም። ለምን?

መልሱ ሰዎች ሳህኑን ከምን ጋር አያይዘው እንደሚያስታውሱት ብናይ ይገኛል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለአብዛኛው ቤተሰብ ውጭ መብላት ማለት የቻይና ምግብ ቤት መሄድ ነበር። ልጅ ትምህርት ሲጨርስ፣ ልደት ሲሆን፣ አባት ደመወዝ ሲቀበል የሚገባበት ቤት እሱ ነው። የዚያን ጊዜው ሕፃን ዛሬ አያት ሆኗል። ሳህኑን ሲያይ የሚታየው ድህነቱ ሳይሆን የምረቃው ቀን ነው።

ሌላም አለ። ኮሪያውያን ቤት ሲቀይሩ በዚያ ቀን ጃጃንግሚዮን ማዘዝ ልማዳቸው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድስቱና ሳህኑ በካርቶን ታሽጓል፤ ምድጃው ገና አልተገጠመም። ቤተሰቡ ወለል ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ በካርቶኖች መሐል ይቀመጥና ከሰፈሩ ምግብ ቤት የመጣለትን ይበላል። አዲስ ሰፈር ውስጥ የመጀመሪያው ጎረቤት የኑድል ሻጩ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ያስቻለው ደግሞ ማድረሱ ነው። ዛሬ በየከተማው ምግብ በሞተር ሳይክል ሲዞር አዲስ ነገር ይመስለናል። ኮሪያ ውስጥ የቻይና ምግብ ቤቶች ከስልክ ማመልከቻ ዘመን እጅግ ቀደም ብለው በብረት ሣጥን ምግብ እያደረሱ ኖረዋል። ልጁ በብስክሌት፣ በኋላም በሞተር ይመጣል፤ ሣጥኑን ከፍቶ ሳህኑን ያወጣል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ደንበኛው በልቶ ሲጨርስ ባዶውን ሳህን በር ላይ ያስቀምጣል፤ ልጁ ተመልሶ ይሰበስበዋል። መያዣ አይጠየቅም። ባለምግብ ቤቱ በየሰፈሩ በር ላይ የራሱን ዕቃ በእምነት በትኖ ያድራል። እንዲህ ያለ የደንበኛ እምነት በሒሳብ መዝገብ ላይ ባይጻፍም ሀብት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ወደ ዘፈንና ወደ ቀልድ ገባ። በ1999 ጂ.ኦ.ዲ. የሚባል የወጣቶች የሙዚቃ ጓድ ባወጣው ዝነኛ ዘፈን ውስጥ ድሃዋ እናት ለልጇ ይህን ምግብ አዝዛ እሷ እንደማትወደው ትነግረዋለች። ለሁለት የሚሆን ገንዘብ እንደሌላት ሰሚው ይገባዋል። እንዲህ ያለ እናት በእኛም አገር የማያውቅ ያለ አይመስለንም። በየዓመቱ የካቲት አጋማሽ ላይ የፍቅረኞች ቀን ሲከበር ስጦታ ያላገኙ ነጠላዎች ደግሞ ሚያዝያ 14 ቀን ጥቁር ለብሰው ጥቁሩን ኑድል የሚበሉበት “ጥቁር ቀን” አላቸው። ለሐዘናቸውም ለቀልዳቸውም ሳህኑ አንድ ነው።

አንዱን ግን ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ሕዝቡ የምግቡን የመጀመሪያ ድምፅ አጥብቆ ይጠራል። በ1986 የወጣው የባዕድ ቃላት አጻጻፍ ደንብ ግን ላልታ ትጻፍ አለ። የዜና አንባቢዎች እንደ ደንቡ እያላሉ ሲያነቡ፣ አገሩ በሙሉ እያጠበቀ ሲያዝዝ ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ በ2011 የቋንቋው ተቋም ጠብቆ መጻፉም ትክክል ነው ብሎ ፈቀደ። ደንብ ከገበያ ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚደክም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ስለዚህ መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ ያልቆጠረው ነገር አለ እንጂ። ርካሽ ምግብ በትዝታ ሲታሸግ ገቢ ሲጨምር አይወድቅም። ትዝታው ደግሞ በማስታወቂያ አልተገዛም። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ለአሠርት ዓመታት በታማኝነት ያደረሱት ሳህን ነው የሠራው።

ባለሱቁስ የት ሄደ?

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንግባ። ኮሪያ ውስጥ ነዋሪ የሆኑት ቻይናውያን ኋግዮ ይባላሉ። ኑሯቸው ገና ከጥንቱ የተመቸ አልነበረም። በ1931 ማንቹሪያ ውስጥ በቻይናና በኮሪያ ገበሬዎች መካከል የተነሣ የመስኖ ጠብ በጋዜጣ ተጋኖ ሲወራ በኮሪያ ከተሞች ቻይናውያን ላይ ሕዝብ ተነሣ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። የተጋነነ ዜና ምን ያህል እንደሚያስከፍል እኛ ጋዜጠኞችም ልብ ልንለው የሚገባ ነው።

ከነፃነት በኋላ ደግሞ ሕግ መጣ። በ1961 የውጭ ዜጎች መሬት የሚይዙት በመንግሥት ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። በ1962 መንግሥት በድንገት የገንዘብ ኖት ሲቀይር ጥሬ ገንዘብ ቤታቸው ያከማቹ ነጋዴዎች ተመቱ። በባንክ ብዙም የማይተማመኑት ኋግዮች ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። በ1970 ሕጉ ተሻሻለ ተባለ፤ ማሻሻያው ግን ይህን ይመስላል። አንድ የውጭ ዜጋ ቤተሰብ እስከ 660 ካሬ ሜትር የሚደርስ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 165 ካሬ ሜትር የሚደርስ አንድ ሱቅ ሊኖረው ይችላል። ሱቁን ለሌላ ማከራየት አይችልም። የእርሻ መሬት መያዝ አይችልም።

ይህን እንደ ነጋዴ እናንብበው። ሁለተኛ ቅርንጫፍ መክፈት የለም። ፎቅ ሠርቶ ማከራየት የለም። አትክልት ሲያበቅል የኖረው መሬቱን ይለቅቃል። ትልቅ አዳራሽ ያለው ምግብ ቤት የነበረው ንግዱን ያጠብባል። ንብረቱን ላለማጣት በኮሪያዊ ወዳጁ ስም ያዞረ አለ፤ ወዳጁም ከድቶት ንብረቱን ያጣ አለ። በዚህ ላይ ጃጃንግሚዮን የብዙ ሰው ምሳ ስለሆነ መንግሥት ዋጋውን ከሚቆጣጠራቸው ምግቦች አንዱ አደረገው። ዱቄትና ዘይት ሲወደድ ሳህኑ ባለበት ይቆማል። በዚያን ዘመን ሻጩ ማድረግ የሚችለው ሥጋውን ቀንሶ ሽንኩርቱን መጨመር ነበር።

ነገሩ የሚገርም ውጤት አለው። ሕጉ ሐር ነጋዴውንም፣ አስመጪውንም፣ አትክልተኛውንም ከየሥራው እየገፋ ወደ አንድ ጠባብ በር ከተታቸው። በ165 ካሬ ሜትር፣ በቤተሰብ ጉልበት፣ ያለ ባንክ ብድር ሊሠራ የሚችል ንግድ ምንድን ነው? ትንሽ ምግብ ቤት ነው። የኮሪያ መንግሥት ሳያስበው ጥቁሩን ኑድል በየሰፈሩ አሠራጨው። ምግቡ የተስፋፋው ነጋዴው ሌላ በር ስለተዘጋበት ጭምር መሆኑን የሚያስታውስ በላተኛ ጥቂት ነው።

ጠባቡ በር ግን ሁሉንም አላኖረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ30 ሺህ በላይ የነበሩት ኋግዮች በ1990ዎቹ ወደ 20 ሺህ ገደማ ወረዱ። ልጆቻቸው ኮሪያ ውስጥ ተወልደው፣ ኮሪያኛ እየተናገሩ፣ ፓስፖርታቸው የታይዋን ነበር። የወጡት ወደ ታይዋንና ወደ አሜሪካ ሄዱ። ሎስ አንጀለስ የደረሱት የኮሪያውያን ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ከፍተው ጃጃንግሚዮን ይሸጡ ጀመር፤ ደንበኛቸውም እንደነሱ የተሰደደው ኮሪያዊ ሆነ። አገሩ የገፋውን ምግብ ሠሪ ዜጋው በሰው አገር ፈልጎ አገኘው።

ጎንግኋቹንም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሩን ዘጋ።

ትርፉን ማን ወሰደው?

ገበያ ክፍት ቦታ አይወድም። በ1984 ኖንግሺም የተባለው የኮሪያ የምግብ ኩባንያ ጣዕሙን በደረቅ ፈጣን ኑድል አሽጎ ቻፓጌቲ በሚል ስም አወጣው፤ ስሙ ከጃጃንግና ከስፓጌቲ የተዳቀለ ነው። በ2019 “ፓራሳይት” የተባለው የኮሪያ ፊልም ውስጥ ይኸው ኑድል ከሌላ ኑድል ጋር ተቀላቅሎ፣ ውድ የበሬ ሥጋ ተጨምሮበት የሀብታም ልጅ ምግብ ሆኖ ታየ። ፊልሙ በ2020 የኦስካርን ትልቁን ሽልማት ሲወስድ የጥቁሩ ኑድል ዝና ዓለምን ዞረ።

የማድረሱን ሥራም እንዲሁ። በ2010 ሥራ የጀመረው ቤዳል ሚንጆክ የተባለ የስልክ ማመልከቻ ኮሪያውያን ለብዙ ዓመታት የለመዱትን ምግብ በስልክ የማዘዝ ባሕል ወደ ድርጅት ቀየረው። በ2019 መጨረሻ የጀርመኑ ዴሊቨሪ ሂሮ ድርጅቱን በ4 ቢሊዮን ዶላር ግምት ሊገዛ ተስማማ፤ ግዢውም በ2021 ተጠናቀቀ። የብረት ሣጥን ተሸክመው ደረጃ የወጡት ያለመዱት ልማድ ነው አራት ቢሊዮን ያወጣው።

መንግሥትም ቆይቶ ነቃ። በ1997 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣና የውጭ ካፒታል ሲፈለግ የመሬቱ ገደብ በ1998 ተነሣ። በ2002 ለኋግዮች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ ተከፈተ፤ በ2006 ቋሚ ነዋሪ የሆኑ የውጭ ዜጎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ሰጡ። የኢንቾን ከተማም የደኸየውን የቻይናውያን ሰፈር ጎብኚ እንዲስብ ቀይ ቀለም ቀብታ፣ ከሻንዶንግ ከተማ ከዌይሃይ በስጦታ የተገኘ የቻይና በር አቁማ አደሰችው። የጎንግኋቹን ሕንፃ በ2006 በቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2012 የጃጃንግሚዮን ሙዚየም ሆነ። ሱቁ ሲሠራ ፎቅ ማከል ያልተፈቀደላቸው ነጋዴዎች ሱቁ ሲዘጋ ሙዚየም ተሠራላቸው።

ተቃራኒው ክርክር

አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቀን የሚችለውን እናውቃለን። “ኮሪያ የአገሯን ልጅ ካፒታል ጠብቃ አይደል ያደገችው? የውጭ ነጋዴ ሱቁን ሁሉ ቢይዝ ያገሬው ሰው ምን ይሠራ ነበር?” ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በከፊልም እውነት አለው። ሣጥን አመላላሽና ሳህን አጣቢ ሆነው የተቀጠሩ ኮሪያውያን ወጣቶች ሙያውን ተምረው የየራሳቸውን ቤት ከፍተዋል፤ ቀስ በቀስም የምግብ ቤቱ ንግድ በአብዛኛው በኮሪያውያን እጅ ገብቷል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ጥቅሙ ከየት እንደመጣ እንለይ። ኮሪያዊው ልጅ ሙያውን የተማረው ቻይናዊው ድስት አጠገብ ስለቆመ ነው፤ ቻይናዊው ሁለተኛ ሱቅ እንዳይኖረው ስለተከለከለ አይደለም። ኮሪያን ያበለጸጋት ብረትና መርከብ፣ ጨርቃ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ ነው። የኑድል ሻጭን የወለል ስፋት መገደብ ለዚህ ያዋጣው ነገር አይታየንም። ያሳጣው ግን ይታያል። እነዚህ ቤተሰቦች ከታይዋን፣ ከሆንግ ኮንግና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የቻይና ነጋዴዎች ጋር በቋንቋና በዝምድና የሚገናኙ ነበሩ። ደቡብ ኮሪያ ከዋናዋ ቻይና ጋር ግንኙነት በመሠረተችበት በ1992 ሁለቱን ቋንቋና ሁለቱን ገበያ የሚያውቅ፣ ዘመዱ ሻንዶንግ ያለ ነጋዴ እጅግ ያስፈልጋት ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን በዚያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ ኑድል እየጎተቱ ነበር።

እኛስ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል አንድ ቃል እናንሣ። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ “ዓረብ ቤት” የሚለውን ያውቃል። ስኳርም ሻይም ክብሪትም የሚገዛበት የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ሱቁን ከከፈቱት ከየመን ነጋዴዎች ነው። ከአብዮቱ በኋላ ንግድና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙዎቹ ሄዱ። ሱቆቹን ያገራችን ልጆች ያዙ፤ ሙያውንም ከፊሎቹ እዚያው ተቀጥረው የተማሩት ነው። እኛም እንደ ኮሪያውያን ስሙን አስቀርተን ባለስሙን አጣን ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ወቅት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየውን የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። መርካቶ ውስጥ ይህን በሥጋት የሚያየው ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ሥጋቱን አንንቅም፤ በካፒታል ከማይስተካከሉት ሰው ጋር መወዳደር ያስፈራል።

የኑድሉ ታሪክ ግን ሁለት ነገር ያሳየናል። አንደኛ፣ ያገሬውን ነጋዴ የሚጠቅመው የውጭው ነጋዴ መውጣቱ ሳይሆን ሙያውን ማካፈሉ ነው። ስለዚህ መከራከር ያለብን ማን ይግባ በሚለው ላይ ብቻ ሳይሆን የገባው ማንን ይቅጠር፣ ማንን ያሠልጥን፣ ከማን ይግዛ በሚለው ላይም መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አስገብቶ ሥር እንዳይሰድ ማድረግ ከሁሉ የከፋ መንገድ ነው። ነገ ልትባረር ትችላለህ የተባለ ነጋዴ ፋብሪካ አይተክልም፤ ያገኘውን በዶላር ለውጦ በሩን ያያል። ሕግ ዛሬ ከፍቶ ነገ የሚዘጋ ከሆነ የሚመጣልን የሚተክል ሳይሆን የሚለቅም ነው።

የበሬውን ምስጋና ፈረሱ እንደወሰደው የኑድሉን ምስጋና ኩባንያው፣ ፊልሙና ከተማው ተካፍለውታል። ሳህኑ በየቀኑ ይሸጣል፤ በሴኡል የዋጋ ወሬ መነሻ እንደሆነም አለ። የሻንዶንጉ ወዛደር ኢንቾን ወደብ ላይ ሊጡን ሲጎትት ያሰበው የዕለት ምሳውን ብቻ ነበር። የዕለት ምሳውን እንዲሠራ ያልተከለከለ ሰው መቶ ዓመት የሚሻገር ነገር ሊተው እንደሚችል ሕግ የሚያረቅቁልን ሰዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሳምንት በሌላ የገበያ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ገበያው ይቅናችሁ።